4294967297 ፕራይም እንዳልሆነ በጠመኔ ብቻ እንዴት ይታያል?

ጣና ዳር
ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ውስጥ ለ11ኛ ክፍል የሒሳብ ክበብ የሚሆን ትምህርት እያዘጋጀሁ ነው። የሒሳብ ሊቁ ፌርማ 2 ፓወር 32 ሲደመር 1፣ ማለትም 4294967297፣ ፕራይም ነው (ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የለውም) ብሎ ያምን ነበር። ሌላው የሒሳብ ሊቅ ኦይለር ግን እ.ኤ.አ. በ1732 ለ641 እንደሚካፈል አሳየ። ተማሪዎቹ ይህን ራሳቸው እንዲያረጋግጡት እፈልጋለሁ። ክበቡ የሚሰበሰብበት ሐይቁ ዳር ያለው ክፍል ሰሌዳ እንጂ ኮምፒውተር የለውም፤ ካልኩሌተሮቹም 8 አኃዝ ብቻ ነው የሚይዙት። አንድ ተማሪ ቤቱ ሲ (C) በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የጻፈው ፕሮግራም ደግሞ ቁጥሩን 1 ብሎ ያወጣል። ምን ይሻላል?

ቀሪ ዜሮ
መምህር፣ ሙሉውን ቁጥር አይንኩት፤ በቀሪው ብቻ ይሥሩ። 2 ፓወር 16 ማለት 65536 ነው። 641 በ102 ሲባዛ 65382፤ ቀሪው 154። 2 ፓወር 32 ማለት 2 ፓወር 16 በራሱ ሲባዛ ስለሆነ ቀሪውንም በራሱ እናባዛለን፦ 154 በራሱ ሲባዛ 23716 ይሆናል። 641 በ37 ደግሞ 23717! አንድ ብቻ ጎደለ ማለት ነው። ስለዚህ 2 ፓወር 32 ላይ 1 ሲጨመር 641 ያለ ቀሪ ያካፍለዋል። ከ5 አኃዝ በላይ የትም አልሄድንም። ተማሪ የሚሳሳትባት ቦታ አንዲት ናት፦ ፓወሩ እጥፍ ስለሆነ 154ንም በ2 ያባዛል። ቀሪው ግን በራሱ ነው የሚባዛው።

ፕሮግራሙ የተጠቀመው 32 ቢት ኢንቲጀር ነው (ኔጌቲቭ የሌለው፣ በ32 የ0 እና 1 ቦታዎች ብቻ የሚጻፍ ሙሉ ቁጥር)። እዚያ ውስጥ የሚገባው ትልቁ ቁጥር 4294967295 ስለሆነ ሲያልፍ ዞሮ ከ0 ይጀምራል፤ 1 የመጣው ለዚህ ነው። በ64 ቢት ያስጽፉት።

ጣና ዳር
እግዜር ይስጥልኝ። «641ን ከየት አመጡት?» ብለው መጠየቃቸው ግን አይቀርም።

ጠመኔ
ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው፣ በደንብ ጊዜ ይስጡት። የዚህ ቁጥር ፕራይም አካፋይ ሁሉ ለ128 ሲካፈል ቀሪው 1 ነው (የሒሳብ ሊቁ ሉካ ያረጋገጠው)። ስለዚህ የሚሞከሩት 129፣ 257፣ 385፣ 513፣ 641 እያሉ ይሄዳሉ። 129 እና 513 ለ3፣ 385 ለ5 ስለሚካፈሉ ይወጣሉ። 257 ደግሞ 4294967295ን ያካፍላል፤ ያ ቁጥር 3 × 5 × 17 × 257 × 65537 ነውና። ከሱ በ2 የሚበልጠውን ሊያካፍል አይችልም። እንግዲህ የመጀመሪያው እውነተኛ ሙከራ ራሱ 641 ነው።

ቁጥሩ ለ641 ሲካፈል የሚደርሰው 6700417 ፕራይም መሆኑም በዚሁ መንገድ ይታያል። ስኩዌር ሩቱ ከ2589 ስለማይበልጥ የሚሞከሩት 641፣ 769፣ 1153 እና 1409 ብቻ ናቸው። ቀሪዎቹ በተራ 44፣ 120፣ 334፣ 622።

ቀሪ ዜሮ
አንድ ማስጠንቀቂያ። ፕራይም መሆንን በ2 ብቻ የሚፈትን አፕ (ከቁጥሩ 1 ቀንሶ 2ን በዚያ ፓወር ያነሣና ለቁጥሩ ሲካፈል ቀሪው 1 መሆኑን የሚያይ) ካላቸው «ፕራይም ነው» ይላቸዋል። 2 ፓወር 64 ለዚህ ቁጥር ሲካፈል ቀሪው 1 ነው፤ ከቁጥሩ 1 ሲቀነስ የሚገኘው 2 ፓወር 32 ደግሞ የ64 ብዜት ስለሆነ ፈተናውን ሁልጊዜ ያልፋል። በ2 ፋንታ በ3 ይፈትኑት፣ ወዲያው ይወድቃል።