«ሞያተኛ» እና «ስለማይገደው»፦ እረኛን ከምንደኛ የሚለየው ቃል

አንዲት የመድረካችን አባል የሚከተለውን ጥያቄ አቅርበዋል፦ «አጥቢያችንን ለዓመታት ላገለገሉ የሰበካ ጉባኤ ምክትል ሊቀ መንበር የምስጋና ወረቀት እያዘጋጀን ነው። በረቂቁ ላይ ‹ሞያተኛ መሪ› የሚል አነጋገር ገብቷል። አንድ አባት ግን ሞያተኛ በወንጌል የተነቀፈ ነው ብለው አስቆሙን። ቃሉ ምስጋና ነው ወይስ ነቀፋ? ከወንጌሉ ጋር የሚስማማ የመልካም መሪ መጠሪያስ የትኛው ነው?»

አባ የተናገሩት እውነት ነው፤ ረቂቁን የጻፈውም ሰው አልተሳሳተም። ሁለቱም የያዙት አንዱን ቃል ነው፤ ነገር ግን አንደኛው የቀድሞውን ትርጉም፣ ሌላው የዛሬውን ይዟል። በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ቁጥር 12 ላይ «እረኛ ያልሆነው በጎቹም የእርሱ ያልሆኑ ሞያተኛ ግን ተኵላ ሲመጣ ባየ ጊዜ በጎቹን ትቶ ይሸሻል» ይላል። እዚህ ላይ ሞያተኛ ማለት በዋጋ ተቀጥሮ የሰው ሥራ የሚሠራ ሰው ማለት ነው፤ የእጅ ጥበብ ወይም ልዩ ዕውቀት ያለው ማለት አይደለም። ይኸው ትርጉም ቃሉን በሌሎች ቦታዎችም በዚሁ ስሜት ይጠቀምበታል። ዘብዴዎስ በታንኳው ላይ የቀረው «ከሞያተኞቹ ጋር» ነው። የጠፋው ልጅ በራብ ሲጨነቅ ያስታወሰው እንጀራ የሚተርፋቸውን የአባቱን ሞያተኞች ነው፤ «ከሞያተኞችህ እንደ አንዱ አድርገኝ» ለማለት የተዘጋጀውም ስለ ጥበባቸው ብሎ ሳይሆን፣ የቅጥር ሠራተኛ እንኳ ከእርሱ ይሻል ስለ ነበር ነው።

ዛሬ ግን «የጤና ሙያተኞች» ስንል ማክበራችን ነው። «ሞያተኛ ናት» የተባለች ሴትም ወጧና ጠላዋ የተመሰከረላት ናት። ስለዚህ ቃሉ ከቅጥር ወደ ጥበብ ተሻግሯል ለማለት ይቻላል። በስብከት የለመድነው «ምንደኛ» የሄደው በተቃራኒው መንገድ ነው፤ ምንዳ ማለት ደመወዝ ስለሆነ ምንደኛ በመነሻው ደመወዝተኛ ማለት ብቻ ነበር፤ አሁን ግን ራሱን የሸጠ ሰው መጠሪያ ሆኗል። «ቅጥረኛ» ደግሞ ከዚያም ብሶ የባዕድ ተላላኪ ወይም ነፍሰ ገዳይ የሚል ጥላ ተጥሎበታል። ወንጌሉ የሚናገረው ስለ አንድ ተራ ተቀጣሪ ሲሆን፣ ሦስቱም ቃላት ያንን ተራ ሰው በልኩ ሊያሳዩን አልቻሉም፤ አንዱ ከፍ ሲያደርገው ሁለቱ ያጠለሹታል።

የእኔ ሐሳብ ግን የጥያቄው ቍልፍ ከስሙ ይልቅ በቁጥር 13 ላይ ባለው ግስ ውስጥ ነው የሚል ነው። «ሞያተኛ ስለ ሆነ ለበጎቹም ስለማይገደው ሞያተኛው ይሸሻል።» ይህ «ስለማይገደው» የሚለው ቃል በየቀኑ ከአፋችን የማይጠፋ ነው። «ምን ገዶኝ»፣ «እኔ ምን ገደደኝ»፣ «ግድ የለሽ»፣ ሰውን ስናጽናናም «ግድ የለም» እንላለን። አንድ ነገር ይገደኛል ማለት የእኔ ባይሆንም እንኳ ይቈረቍረኛል፣ እንቅልፍ ይነሣኛል፣ ዝም ብዬ ላልፈው አልችልም ማለት ነው። ተርጓሚዎቹ ይህን ቃል በመምረጣቸው ሁልጊዜ አመሰግናቸዋለሁ፤ ምክንያቱም «ስለማያስብ» ወይም «ስለማይጨነቅ» ቢሉ ኖሮ የልብን ነገር በግማሹ ብቻ ይነግሩን ነበር።

ይህ ግስ በወንጌላት ውስጥ የት የት እንደሚገኝ መከታተል ያስተምራል። በማርቆስ ምዕራፍ 4 ማዕበል ታንኳይቱን ሲመታ ጌታ ትራስ ተንተርሶ ተኝቶ ነበር፤ ደቀ መዛሙርቱም ቀስቅሰው «መምህር ሆይ፥ ስንጠፋ አይገድህምን?» አሉት። በሉቃስ ምዕራፍ 10 ማርታ በሥራ ብዛት ባክና እኅቷ ብቻዋን ስትተዋት «አይገድህምን?» ብላ ጠየቀች። ሁለቱም ጥያቄዎች የሚቀርቡት ለመሪ ነው፤ ሁለቱም ከወቀሳ የተቀላቀሉ ልመናዎች ናቸው። ማንኛውም ሕዝብ መሪውን ሊጠይቀው የሚገባ ከባድ ጥያቄ ቢኖር ይህ ይመስለኛል። ችሎታህ ምን ያህል ነው ከማለት በፊት፣ እኛ ስንጠፋ አንተን ይገድሃል ወይ ማለት ይቀድማል።

ሦስተኛው ቦታ ዮሐንስ 12 ነው፤ ይህኛው ደግሞ ስለ አንድ የገንዘብ ኃላፊ ይናገራል። ማርያም የጌታን እግር በናርዶስ ሽቱ ስትቀባ ይሁዳ ሽቱው ለ300 ዲናር ተሽጦ ለድሆች ለምን አልተሰጠም ብሎ ተናገረ። አንድ ዲናር በዚያ ዘመን ለቀን ሠራተኛ የሚከፈል የአንድ ቀን ዋጋ ስለነበር፣ ይሁዳ የጠራው ገንዘብ የአንድ ድሃ ሰው የዓመት ድካም ያህል ነበር፤ ንግግሩም ለሰሚ ጆሮ መልካም አስተዳደር ይመስላል። ወንጌላዊው ግን ይህን የተናገረው «ለድሆች ተገድዶ አይደለም» ይልና፣ ከረጢቱን ይዞ ከሚገባው ይወስድ እንደ ነበር ይገልጣል። በግሪኩ በዮሐንስ 10፣ በዮሐንስ 12፣ በማርቆስ 4 እና በሉቃስ 10 ያለው ግስ አንድ ነው፤ «ሜሌይ» የሚባለው። አማርኛውም አራቱንም በአንድ ሥር መተርጐሙ ተራ ነገር አይደለም፤ አንባቢው ከበጎቹ የሸሸውን ሞያተኛና ከረጢት የያዘውን ይሁዳ በአንድ ቃል እንዲያያይዛቸው ያደርጋል። ሁለቱም ሥራው ላይ ነበሩ፤ ሁለቱም ስለ ሥራው መናገር ይችሉ ነበር፤ የጐደላቸው መገደድ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ሌላ አባል ባለፈው ሳምንት ያነሡትን ተቃውሞ ላስታውስ። «ታዲያ ደመወዝ የሚቀበል ሁሉ መልካም መሪ ሊሆን አይችልም ማለት ነው?» ብለው ነበር። አይደለም። በሉቃስ 10፡7 «ለሠራተኛ ደመወዙ ይገባዋልና» ያለው ራሱ ጌታ ነው። እኔም ይህን ነገር ከመጽሐፍ በፊት በዓይኔ አይቼዋለሁ። በተወለድሁበት የሰሜን ሸዋ ደጋ አባቴ ለበጎቻችን አንድ ልጅ ቀጥሮ ነበር፤ ዋጋውም በዓመት ጥቂት ቁና ገብስና አንድ ልብስ ነበር። አንድ የሐምሌ ማታ በጎቹ ሲገቡ እርሱ አብሮ አልገባም፤ እኛ ያገባናቸውን ስንቈጥር አንዲት እናት በግ ጐደለች። ዝናቡ በረታ፤ ጨለመ፤ አባቴም ችቦ አብርቶ ሊወጣ ሲል ልጁ በበራፉ ብቅ አለ። ደበሎውን ከትከሻው ገልብጦ ከሆዱ ላይ አስሮታል፤ በውስጡ ገና እርጥቡ ያልደረቀ ግልገል አለ፤ እናቲቱም ከኋላው እየጮኸች ትከተለዋለች። በፈፋው ዳር ስትወልድ ትቷት መምጣት አልሆነለትም። አባቴ ብዙ የሚናገር ሰው አልነበረም፤ «ይህ ልጅ ይገደዋል» ብሎ ብቻ እሳት አስነደደለት። ከዚያ በኋላ በሠፈራችን ስለዚያ ልጅ ሲነሣ ማንም ተቀጣሪ አይለውም ነበር። ስለዚህ በዮሐንስ 10 ላይ የሚነቀፈው ዋጋ መቀበሉ አይመስለኝም፤ ተኵላ ሲመጣ ከዋጋው በቀር የሚያስቀረው ነገር ማጣቱ ነው። ሕዝባችን «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» በሚለው ተረት የሚነቅፈውም ይህንኑ ልብ ነው።

አሁን ወደ ረቂቅ ልዩነት ልግባ፤ ምክንያቱም «ግድ» ሁለት ፊት ያለው ቃል ነው። ከውስጥ ሲመጣ «ይገደኛል» እንላለን፤ ከውጭ ሲመጣ ደግሞ «በግድ»፣ «ተገደድሁ»፣ «አስገደዱኝ» እንላለን። የጴጥሮስ የመጀመሪያ መልእክት በምዕራፍ 5 ለቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ሲጽፍ ሁለቱን ፊቶች በግልጥ ይለያቸዋል፤ መንጋውን «በውድ እንጂ በግድ ሳይሆን» እንዲጠብቁ፣ ደግሞም «መጥፎውን ረብ በመመኘት» እንዳይሆን ያዛል፤ ከዚያም «በኃይል አትግዙ» ይላል። እኛ «በውድም ሆነ በግድ» የሚለውን አነጋገር በተመሪው ላይ ማዋል ለምደናል፤ ወዶም ሆነ ተገዶ ይፈጽማል ማለታችን ነው። መልእክቱ ግን ውድና ግድን የሚመረምረው በመሪው ልብ ውስጥ ነው። መሪው ራሱ ሥራውን ወዶ ይዞታል ወይስ ተገዶ? የሚገደው ሰው ማንም አያስገድደውም፤ የማይገደው ግን ካልተገደደ አይሠራም፤ ሲሾም ደግሞ ሌላውን ማስገደድ ይቀናዋል።

በዚሁ ቦታ ላይ ያለው «ረብ» ጥቅም ማለት ነው፤ ዛሬ ለብቻው እምብዛም አንሰማውም፤ ነገር ግን «የማይረባ» እና «እርባና ቢስ» በሚሉት ቃላት ውስጥ ዘመዶቹ ይኖራሉ። ቃሉ በዘፀአት 18፡21 በዮቶር ምክር ውስጥም አለ፤ ለሙሴ ሲመክረው አዋቂዎች፣ እግዚአብሔርን የሚፈሩ፣ የታመኑና «የግፍንም ረብ የሚጠሉ» ሰዎችን መርጦ የሺህ፣ የመቶ፣ የአምሳና የአሥር አለቆች እንዲያደርጋቸው ይነግረዋል። ሻለቃ፣ መቶ አለቃ፣ ሃምሳ አለቃ፣ አሥር አለቃ የሚሉት የሠራዊታችን ማዕረጎች ከዚህ ዝርዝር ጋር አንድ ለአንድ መግጠማቸውን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ማዕረጎቹን እናውቃቸዋለን፤ ከማዕረጎቹ በፊት የተጻፉትን አራት መመዘኛዎች ግን በቃላችን የምንይዝ ጥቂቶች ነን። ዮቶር የሚለው ጥቅም የማይቀበሉ ሳይሆን የግፍን ጥቅም የሚጠሉ መሆኑንም ልብ በሉ፤ መጥላት ከመታቀብ የጠለቀ ነው።

«ገዛ» ስለሚለው ቃል ጥቂት ልጨምር። በአማርኛ ገዛ ማለት ዋጋ ከፍሎ የራስ ማድረግም ነው፤ በሥልጣን ማስተዳደርም ነው፤ «ገዥ» የተባለው ሰው ገበያ ላይ ከሆነ ሸማች ነው፤ ቤተ መንግሥት ውስጥ ከሆነ ሹም ነው። ማርቆስ ምዕራፍ 10 ላይ የአሕዛብ አለቆች ሕዝባቸውን እንደሚገዙ ጌታ ከተናገረ በኋላ «በእናንተስ እንዲህ አይደለም» ይልና፣ የሰው ልጅ ነፍሱን ለብዙዎች «ቤዛ» ሊሰጥ እንደ መጣ ይናገራል። ቤዛ ደግሞ የተያዘን ሰው ለማስለቀቅ የሚከፈል ዋጋ ነው። ስለዚህ በአማርኛ የሚታይ አንድ ነገር እናገኛለን፤ በመጀመሪያው ስሜት የሚገዛው፣ ማለትም ዋጋ የሚከፍለው፣ በሁለተኛው ስሜት ሊገዛ የሚገባው ሆነ። ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ የኤጲስ ቆጶስን ጠባይ ሲዘረዝር ከሚፈልጋቸው አንዱ «ራሱን የሚገዛ» መሆን ነው።

እረኛ የሚለውን ቃል በተመለከተ አንድ የፊደል ነገር አለ። በግእዝ መዝሙር 22 «እግዚአብሔር ይሬዕየኒ» ይላል፤ በዐይኑ ዐ የተጻፈው ረዐየ መጠበቅና ማሰማራት ነው። በአልፉ አ የሚጻፈው ርእየ ግን ማየት ነው። በአማርኛ አፍ ሁለቱ ድምፆች ስለ ተዋሐዱ አንዳንድ ሰባኪያን «ያየኛል» ብለው ሲተረጕሙ ሰምቻለሁ፤ ይህ ስሕተት ነው፤ ሊታረም ይገባል። በታኅሣሥ ወር «ኖላዊ» በሚባለው እሑድ የሚሰበከውም ይኸው የሚጠብቅ እረኛ ነው። «መልካም እረኛ» ሲባል «መልካም» የሚለው ቅጽል ግን ከግእዙ «ኄር» ይልቅ ለግሪኩ ቃል የቀረበ ነው፤ መልካም ከመልክ የተሠራ ነው፤ በግሪኩም «ካሎስ» ማለት ያማረ፣ የተዋበ ማለት ነው።

በአገራችን እረኛ ብዙውን ጊዜ ልጅ ነው፤ ከቤተሰቡ የመጨረሻውን ድርሻ የሚበላ፣ በሸንጎ የማይጠራ። ሆኖም የቀድሞ ሹማምንት የሕዝቡን ልብ ለማወቅ ሲሹ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ያስጠይቁ ነበር ይባላል። ክርስቶስ ራሱን በዚህ ስም መጥራቱን ከዚህ ጋር አያይዘን ብናነብ፣ መሪው ወደ እረኛው ዝቅ ብሎ የሚሰማ ብቻ ሳይሆን፣ ራሱ በእረኛው ቦታ የቆመ ሆኖ እናገኘዋለን።

ወደ ምስጋና ወረቀቱ ልመለስ። «ሞያተኛ መሪ» የሚለውን አውጡት፤ ስሕተት ሆኖ ሳይሆን፣ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ሲነበብ ዮሐንስ 10ን የሚያስታውስ ሰው አይጠፋምና። በምትኩ «ለምእመናን የተገደዱ» ብላችሁ እንዳትጽፉ ግን አደራ፤ ዮሐንስ 12 ላይ እንዲህ ቢባልም፣ ዛሬ የሚያነበው ሰው ሰውየውን ሌላ ሰው ያስገደዳቸው ይመስለዋል። ግሱን በአሁን ጊዜ አድርጋችሁ «የምእመናን ነገር የሚገዳቸው» ብትሉ ትርጉሙ ይጠራል። ከሥሩም ሰውየው በእርግጥ እንደሚገዳቸው የታየበትን አንድ ሥራ በስሙ ጥቀሱ፤ ጣሪያው ሲያፈስ ያደረጉትን፣ ወይም የታመመ ሰው ቤት ሌሊት የሄዱበትን፣ እናንተ የምታውቁትን።