የካውቦይ ፊልም ድንጋዮችና የዊትኒ ተራራ፦ በሦስት ቀን ይሆናል?

የጦሳ ልጅ (ደሴ)፦
ሰላም ለቤቱ። መስከረም ላይ ሎስ አንጀለስ ዘመድ ጥየቃ እሄዳለሁ። በዚያው ሦስት ቀን በካሊፎርኒያ ተራሮች ሥር ባለችው ሎን ፓይን ከተማ ልውል አስቤአለሁ። አጠገቧ ባሉት አላባማ ሂልስ በሚባሉት ድንጋያማ ኮረብታዎች ላይ የካውቦይ ፊልም የተቀረጸባቸውን ቦታዎች ማየት፣ ዊትኒን መውጣት፣ የአገሩንም ታሪክ ማወቅ እፈልጋለሁ። ፈቃድ ይጠይቃል? ከፍታው ለደሴ ሰው ያስቸግራል? ፊልም ላይ ያየሁትን ድንጋይስ በምን አገኘዋለሁ?

ቦርከና (ኮምቦልቻ)፦
ዊትኒን ተወው። 4,421 ሜትር ነው፣ ደርሶ መልሱ 35 ኪሎ ሜትር ግድም። ፈቃዱ በዕጣ ነው፤ ምዝገባው ደግሞ በፌብሩዋሪ ተጀምሮ ወሩ ሲያልቅ ይዘጋል። የተረፈው ድረ ገጹ ላይ ይለቀቃል፣ ግን እሱን ተማምነህ ትኬት አትቁረጥ።

በምትኩ ኬርሳርጅ ፓስን ውጣ። ፓስ ማለት እኛ በር የምንለው ነው፣ እንደ ጣርማ በር። ከኦኒየን ቫሊ፣ 2,800 ሜትር ላይ፣ ትነሳለህ። በሩ ወደ 3,580 ሜትር ነው፣ ደርሶ መልስ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ። ለቀን ጉዞ ፈቃድ አያስፈልግም፤ ካደርክ ግን ፈቃድም፣ ድብ የማይከፍተው የምግብ ዕቃም ግድ ነው።

ከፊልሙ ጋር የሚያገናኘው ስሙ ነው። በአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ለደቡብ ያደሉ ማዕድን ፈላጊዎች ኮረብታዎቹን አላባማ በምትባለው የደቡብ የጦር መርከብ ሰየሟቸው። እ.ኤ.አ. በ1864 የሰሜን መርከብ ኬርሳርጅ ፈረንሳይ ዳርቻ አሰጠመቻት። የሰሜን ደጋፊዎቹ ታዲያ ዝም አላሉም፤ የራሳቸውን ማዕድን ኬርሳርጅ አሉት፣ ስሙም ለተራራውና ለበሩ ተረፈ። ሁለቱን ከረገጥክ ጸቡን በእግርህ አየኸው።

ስለ ከፍታው፣ የዊትኒ መንገድ መነሻ እንኳ 2,550 ሜትር ስለሆነ ደሴ ማለት ነው። ነገር ግን ባሕር ጠለል ላይ ጥቂት ሳምንት የተቀመጠ ሰው የደጋ አቅሙን እየጣለ ይሄዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ተራራው፣ ዘመድ ጥየቃው ከዚያ በኋላ።

ሸዋ በር (ደሴ)፦
ስለ ድንጋዩ ልንገርህ። በመጀመሪያ አንድ ስህተት፦ በፊልሞቹ ጀርባ ጎልቶ የሚታየው ሹል ተራራ ብዙ ጊዜ ዊትኒ ሳይሆን ሎን ፓይን ፒክ ነው። ቀረብ ስለሚል ዊትኒን አስንቆ ይታያል። ዊትኒን ብለህ ከተነሳህ ቀኑን ሙሉ የተሳሳተ ቦታ ትዞራለህ።

ከፊልሙ አንድ ምስል በወረቀት አትም፤ በፀሐይ የስልክ ስክሪን አይነበብም። የሩቁን ተራራ ጫፍ አቅጣጫ መያዣ አድርገው። ከዚያ በምስሉ ላይ አንድ የቅርብና አንድ የሩቅ ድንጋይ ምረጥ። ፊልሙ ላይ የሩቁ ከቅርቡ በስተቀኝ ወጥቶ እየታየ፣ አንተ በቆምክበት ከተሸፈነብህ ወደ ቀኝ ተራመድ። የቅርቡ ድንጋይ ከተራራው አንጻር ዝቅ ካለብህ ካሜራው ዝቅ ብሎ ነበርና ተቀመጥ። ቁጥቋጦውን አትመን፤ ድንጋዩ ግን አይንቀሳቀስም። ተራራው ከምዕራብ ስለሆነ ፊቱ የሚበራው ጠዋት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ጥላ ይሆንብሃል።

ዘዴውን እዚሁ ተለማመድ፣ የድሮ የደሴ ፎቶ ይዘህ የጦሳን ጫፍ አግጥም።

የጦሳ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ውኃና መኪናስ?

ቦርከና፦
አላባማ ሂልስ ውስጥ ውኃ የለም፤ ለአንድ ሰው ለቀኑ 4 ሊትር ከከተማ ይዘህ ግባ። ኮረብታዎቹ ውስጥ የሚገባው መንገድ፣ ሙቪ ሮድ፣ ፒስታ ነው፣ ዋናውን ይዘህ ከሄድክ የቤት መኪና ይበቃዋል፤ ቅርንጫፎቹ ላይ ግን አሸዋ ይይዝሃል። ኦኒየን ቫሊ ላይ ብስኩትም ሆነ ሳሙና መኪና ውስጥ አትተው፣ ድብ በሩን ይገነጥለዋል፤ የብረት ሳጥን ተዘጋጅቷል።

ሎን ፓይን የምዕራብ (የካውቦይ) ፊልም ታሪክ ሙዚየም አለ፤ መጀመሪያ እዚያ ገብተህ የመቅረጫ ቦታዎቹን ካርታ ጠይቅ። ፊልሞቹ የማይነግሩህም አለ፦ እ.ኤ.አ. በ1863 ወታደሮች ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ ፓዩቶችን (የአገሩን ነባር ሕዝብ) ከዚያ ሸለቆ ነቅለው በእግር ወደ ፎርት ቴሆን የጦር ሰፈር ነድተዋቸዋል። የተነሱት ከካምፕ ኢንዲፔንደንስ ነው፣ ወደ ኬርሳርጅ ስትሄድ በምታልፍባት ከተማ አጠገብ።