ሞላሌ ያገኘሁት ጥቁር ክሪስታል እውነት ቱርማሊን ነው?

የመንዝ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ ለበረት ካብ ድንጋይ ሲፈልጥ፣ ከአንዱ ውስጥ የሚያብለጨልጩ ጥቁር ነገሮች ወጡ። ትልቁ የአውራ ጣቴን ጥፍር ያህላል። ፀሐይ ላይ ሳየው ጠርዙ አረንጓዴ ቢጤ ነው። ደብረ ብርሃን ኦፓል ለሚገዛ ሰው አሳየሁት። «ቱርማሊን የሚባል የከበረ ድንጋይ ነው፤ ብርቁ ዓይነት፣ ፓራይባ ይባላል። 4 ሺህ ብር ስጠኝና አዲስ አበባ ላስመርምርልህ» አለኝ። አባቴ «ድንጋዩን ተውና ካቡን ጨርስ» ይላል። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። እዚሁ ሆኜ የምለይበት መላ አለ?

ጣርማበር፦
ባልጩት ነዋ! እኛ ጋ ሞልቷል።

መዶሻ ያዡ፦
ባልጩት አይደለም። ባልጩት መስታወት ነው፣ ክሪስታል አይሠራም።

ልጄ፣ መጀመሪያ ብርህን ያዝ። ፓራይባ ከመዳብ የተነሳ ቦግ ያለ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ነው እንጂ ጥቁር አይደለም። ቱርማሊን ደግሞ ቦሮን የሚባል ንጥረ ነገር ይፈልጋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግራናይትና ፔግማታይት (ትልልቅ ክሪስታል ያለው ድንጋይ) ውስጥ ነው የሚያድገው። እኔ ያየሁት ጉጂ፣ ቀንጢቻ ነው። የእናንተ ጥቁር ድንጋይ ባዛልት ነው፣ እሳተ ገሞራ የተፋው። የመዘዞ ኦፓልም ቢሆን የእሳተ ገሞራ ልጅ ነው።

አሁን ክሪስታሉን ከጫፉ እየው። ቱርማሊን ሆዱ የተነፋ ሦስት ማዕዘን ይመስላል። ቁመቱን ይዞ በማበጠሪያ የተሳበ የሚመስል መስመር አለው። ሲሰበር ለጥ ያለ ገጽ አያወጣም። ኳርትዝ በሚባለው ጠንካራ ማዕድን ጫረው፤ ቱርማሊን በቀላሉ አይጫርም።

ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ አመድ ይስባል የሚባለውም እውነት ነው። ግን አትሞክረው። እኔ የእናቴ ምድጃ ላይ ሞክሬ ደህና ዋጋ የሚያወጣውን ሰንጥቄዋለሁ።

እውነተኛ ቱርማሊን ቢሆን እንኳ የትኛው ዓይነት እንደሆነ በዓይን ብቻ መማል አይቻልም። ብርቁን የሚለየው ላብራቶሪ ነው።

የመንዝ ልጅ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ጠዋት ሞከርኩት። ኳርትዙ ጫረው። መስመር የለውም። ጫፉን ስቆጥር ስምንት ጎን ነው፣ አጭርና ድፍን ያለ። አንዱን ስሰብረው እንደ ደረጃ ለጥ ለጥ ብሎ ወጣ።

መዶሻ ያዡ፦
ደረጃው እርስ በርሱ በ90 ዲግሪ ገደማ ነው የሚገናኘው?

የመንዝ ልጅ፦
አዎ፣ እንደ ሳጥን ጥግ።

መዶሻ ያዡ፦
እንግዲያው አውጋይት የሚባል ጥቁር ማዕድን ነው። ባዛልት ውስጥ የተለመደ ነው። አንዱን ለማስታወሻ አስቀምጠው፣ ቆንጆ ነው።

የመንዝ ልጅ፦
ሰውየው አሁን ደውሎ «2 ሺህም ይበቃኛል» አለ። አባቴ ስልኩን ተቀብሎኝ «ድንጋዩ ካብ ገብቷል» ብሎት ዘጋው።