የበር ካርድ ማንበቢያ ልታስገጥሙ ነው? መጀመሪያ ሪሌዩ የት እንደሚቀመጥ ጠይቁ

"ለሕንፃችን መግቢያ በካርድ ወይም በጣት አሻራ የሚከፈት ነገር ልናስገጥም ነው፤ የትኛው ይሻላል?" የሚል ጥያቄ በዚህ ወር ብቻ ከሦስት ሰው መጣልኝ። ከሦስት ዓመት በፊት የነዋሪዎች ኮሚቴ ጸሐፊ ሆኜ እኔም ይኼንኑ ስጠይቅ ነበር። ያኔ ሁሉም የብራንድ ስም ነው የነገረኝ። ስለ ሽቦው ያነሳ አልነበረም። ስለዚህ እኔ ከሽቦው ልጀምር።

ያስገጠምነው ብቻውን የሚሠራ ኪፓድ ነበር። ቁጥርም ካርድም ይቀበላል፣ ዋጋውም አይጎዳም። አራት ወር እንደቆየ አንድ ጠዋት ጥበቃችን መጡና "ልጄ፣ ያ ነገር ተንጠልጥሏል" አሉኝ። "ምኑ ጋሼ?" ብዬ ወረድኩ። ኪፓዱ ከግድግዳው ተላቆ በሽቦው ተንጠልጥሏል። ከሥሩ ያለችውን አንዲት ብሎን በካቻቪቴ ፈትተው፣ ከጀርባው ሽቦ አገናኝተው ገብተዋል። በሩ አልተሰበረም፣ ኮዱም አልታወቀባቸውም። ከደረጃው ሥር ሁለት ብስክሌት ሄደ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ኪፓድ ኮዱን የሚያጣራውም በሩን የሚከፍተውም ራሱ ነው። በሩን የምትለቀው ሪሌይ የምትባል ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ እዚያው ሆዱ ውስጥ ናት። ኪፓዱ ደግሞ የተሰቀለው ከውጭ፣ ሌባው በሚቆምበት በኩል ነው። ቤቱን ቆልፎ ቁልፉን በር ላይ እንደ መስቀል በሉት።

አሁን ወደ ገበያው። መርካቶ ስማቸውን ሰምታችሁ የማታውቋቸው ኪፓዶች ሞልተዋል። ለውስጥ በር፣ ለስቶር፣ ለቢሮ ክፍል ምንም አይሉም። ለመንገድ በር ግን እንዲሁ አይመከሩም። ብዙዎቹ "ዊጋንድ" የሚባል፣ የካርዱን ቁጥር በሽቦ ወደ ውስጥ የሚልክ መውጫ ስላላቸው እንደ ማንበቢያ ብቻ ሊሠሩ ይችላሉ። ያኔ ቁጥሩን አጣርቶ በሩን የሚከፍተው ከውስጥ ያለ ኮንትሮለር ቦርድ ይሆናል፤ ውጭ ያለውን ኪፓድ ቢገነጥሉት በሩ አይከፈትም።

የጣት አሻራና የፊት ማሽን ከፈለጋችሁ አዲስ አበባ ውስጥ ዜድኬቴኮ፣ ሂክቪዥን እና ዳዋ የሚባሉትን ብራንዶች ታገኛላችሁ። መሥሪያ ቤቶች ለሠራተኛ መግቢያና መውጫ ሰዓት ስለሚጠቀሙባቸው የሚጠግን አይጠፋም። ይኼ ትልቅ ጥቅም ነው። ግን መልካቸው አያታላችሁ። ብዙዎቹ ሪሌያቸውን ሆዳቸው ውስጥ ነው የያዙት። ዜድኬቴኮም ሂክቪዥንም ከውስጥ የሚገጠም ትንሽ የሪሌይ ሳጥን ለብቻው ያመርታሉ፤ የምትገዙት ሞዴል እንደሚቀበለው አረጋግጣችሁ አብራችሁ ግዙት። ሶፍትዌሩንም አሳድሱ። እ.ኤ.አ. በ2024 ካስፐርስኪ የተባለው የሳይበር ደህንነት ኩባንያ የዜድኬቴኮን አንድ ማሽን ፈትሾ 24 የደህንነት ቀዳዳ አግኝቶበታል። በኔትወርክ ካገናኛችሁት ከሕንፃው ዋይፋይ ለዩት።

እኔ የምመክረው ሁለት ቦታ የተከፈለውን ነው። ማንበቢያው ውጭ፣ ኮንትሮለሩና ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ፣ በተቆለፈ የብረት ሳጥን። ለባንክ ወይም ለሰርቨር ክፍል ከሆነ በዊጋንድ ፈንታ "ኦኤስዲፒ" የሚባለውን፣ ማንበቢያና ኮንትሮለር የሚነጋገሩበትን ሌላ መንገድ ጠይቁ። በዊጋንድ ሽቦ ላይ የካርዱ ቁጥር እርቃኑን ነው የሚሄደው። ኦኤስዲፒ ግን ምስጠራው ሲበራለት ይሸፍነዋል። ሳይበራ ካስረከቧችሁ ቁጥሩን በመሸፈን በኩል ምንም ለውጥ የለውም። ለመኖሪያ ሕንፃ ይኼ ቅንጦት ነው፣ ባይኖር አልጨነቅም።

ካርዱ ላይ ግን እጨነቃለሁ። ብዙ ቦታ የሚታደለው 125 ኪሎኸርዝ የሚባለው ነው። ቁጥሩን ለጠየቀው ሁሉ ይናገራል፤ በእጅ የሚያዝ ርካሽ ማሽን ቁልፍ እንደማስቀረጽ ይገለብጠዋል። ማይፌር ክላሲክ የሚባለውም ቢሆን ምስጢሩ እ.ኤ.አ. በ2008 ተፈትቷል። አቅም ካለ ምስጠራው የጠነከረውን፣ ዴስፋየር የሚባለውን ካርድ ያዙ። ከሌለ ደግሞ በሩ ከካርዱ በተጨማሪ ኮድ እንዲጠይቅ አድርጉ፤ የተከራይ ካርድም በወጣ ቀን ይሰረዝ።

መብራትን ሳልረሳ። ማግኔት ሎክ፣ በሩን በኤሌክትሪክ ማግኔት የሚይዘው ማለት ነው፣ መብራት ሲጠፋ ይለቃል። እንዲያ መሆኑ ለእሳት አደጋ ጥሩ ነው፣ ለእኛ ሰፈር ሌሊት ግን ጥሩ አይደለም። 280 ኪሎ የሚይዘው ማግኔት በ12 ቮልት ግማሽ አምፒር ገደማ ይበላል። ባለ 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ በወረቀት ከ12 ሰዓት በላይ ያቆየዋል፤ ባትሪው ሲያረጅ ግማሹንም ላይሞላ ይችላል። በየጊዜው መብራቱን አጥፍታችሁ ሞክሩት። ባትሪው ቢያልቅም የሚይዝ ተራ ቁልፍ በሩ ላይ ይኑር፣ ግን ከውስጥ ሲሆን መክፈቻ ሳያስፈልግ የሚከፈት ይሁን። የማግኔቱን ኃይል በቀጥታ የሚቆርጠውን አረንጓዴ የአደጋ መውጫ ሳጥንም "ይቅር፣ ወጪ ነው" የሚላችሁን አትስሙ።

ገጣሚ ስትመርጡ ሦስት መንገድ አለ። ዕቃውን ራሳችሁ ገዝታችሁ ኤሌክትሪሺያን መጥራት ይረክሳል፣ ጋራንቲ ግን የለም። የካሜራ ሱቆች ፈጣን ናቸው፤ ካሜራ ያውቃሉ፣ በር ላይ ግን ይለያያሉ። አስመጪዎቹ ይወደዳሉ፣ ግን በደረሰኝና በዋስትና ይሠራሉ፣ መለዋወጫም አላቸው። የትኛውንም ብትይዙ "የታምፐር ሽቦውን የት ታገናኙታላችሁ?" በሏቸው። ማንበቢያው ከግድግዳ ሲነቀል የሚጮኸው በዚያ ሽቦ ነው። እኛ ጋ የመጣው የመጀመሪያው ልጅ "አያስፈልግም" ብሎ በፒንሳ ቆርጦት ነበር። ከፋብሪካ የመጣውንም ማስተር ኮድ ዓይናችሁ እያየ አስቀይሩ። 123456 ሆኖ የቀረ በር ስንት አይቻለሁ!

እኛ በመጨረሻ ያንኑ ኪፓድ ማንበቢያ አደረግነው። ቦርዱን ከውስጥ፣ ሳይረኑን ከጥበቃው ቤት በላይ ሰቀልን። ግማሽ ቀን ፈጀ። ባለፈው ክረምት ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ጮኸ። ጋሼ ዱላቸውን ይዘው ሲወጡ አንድ ሰው እየሮጠ ነበር፤ ኪፓዱ ደግሞ ብሎኗ ግማሽ ወጥታ እዚያው ግድግዳው ላይ ነበር።