መኪናዬ ቆሞ ሲሠራ ይፈላል፣ ሲሄድ ይበርዳል፤ ራዲያተር ልቀይር?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የቤንዚን መኪና ነው፣ ቬንቲላተሩ (ራዲያተሩን የሚያቀዘቅዘው ማራገቢያ) በኤሌክትሪክ የሚሠራ። መንገድ ሲጨናነቅ የሙቀት ጌጁ ወደ ቀዩ ይወጣል፤ መንገዱ ሲከፈት ተመልሶ መሃል ላይ ይቆማል። ውሃ ይጎድላል፣ ከሥር ግን ጠብታ የለም። መካኒኩ ቴርሞስታቱን (ውሃው ሲሞቅ ተከፍቶ ወደ ራዲያተር የሚያሳልፈውን ቫልቭ) አውጥቶ ጣለው፣ ለውጥ የለም። አሁን ራዲያተር ቀይር ተብያለሁ። ልቀይር?

መልስ፦ ቆይ፣ ገና አትቀይር። ሲሄድ የሚበርደው ነፋሱ የቬንቲላተሩን ሥራ ስለሚሠራለት ነው። ራዲያተሩ ከውስጥ ቢደፈን ኖሮ ይበልጥ የሚፈላው ዳገት ላይና በፍጥነት ስትነዳ ነበር። ሞተሩን አስነሳና ኤሲ ክፈት፤ ቬንቲላተሩ መዞር አለበት። ካልዞረ ፊውዙን እይ፣ ከዚያ ሪሌውን (የኤሌክትሪክ ማብሪያውን) በተመሳሳይ ሪሌ ቀይረህ ሞክር። አሁንም ዝም ካለ ሞተሩን አጥፋና የቬንቲላተሩን ሶኬት ነቅለህ ፊውዝ ባለው ሽቦ ከባትሪው 12 ቮልት በቀጥታ ስጠው። ያኔም ካልዞረ የቬንቲላተሩ ሞተር ተቃጥሏል። እጅህን አርቅ፤ ሞተሩ ጠፍቶም ቬንቲላተሩ ሊነሳ ይችላል።

ሌላ መልስ፦ ቴርሞስታቱ ይመለስ! ይህ ልማድ ብዙ ሞተር ጎድቷል። ብዙ ቴርሞስታት ሲከፈት በጀርባው ያለው ሳህን አጭሩን መተላለፊያ ይዘጋል። ሲወጣ ያ መንገድ ክፍት ይቀራል፤ ከፊሉ ትኩስ ውሃ ራዲያተር ሳይነካ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ጠዋት ደግሞ ሞተሩ ቶሎ ስለማይሞቅ ነዳጅ ይበላል። አዲሱን ከመግጠምህ በፊት ውሃ ባለበት ድስት ውስጥ በክር አንጠልጥለህ ውሃውን አሙቅ፣ ታቹን እንዳይነካ። ላዩ ላይ 82 ከተጻፈ በዚያ ዲግሪ አካባቢ መከፈት ይጀምራል።

ጠያቂው፦ አመሰግናለሁ። ኤሲ ሲከፈት ይዞራል፤ ያለ ኤሲ ግን ጌጁ ቀዩ ጋ ደርሶም አይነሳም። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ደግሞ የላይኛው ማኒኮቶ (የራዲያተሩ የጎማ ቱቦ) ተጨፍልቆ አገኘሁት።

መልስ፦ ሁለት ብልሽት አለህ። በኤሲ ከዞረ ቬንቲላተሩ ደህና ነው፤ በሙቀት የሚያስነሳውን ሴንሰርና ሶኬቱን ጠርጥር። ውሃ ጎድሎ ሴንሰሩ አየር ውስጥ ከቀረም ሙቀቱን በትክክል አያነብም፤ ስለዚህ መጀመሪያ ውሃውን ሙላ።

የተጨፈለቀው ማኒኮቶ ወደ ራዲያተሩ ክዳን ይጠቁማል። ሞተሩ ሲሞቅ ክዳኑ ትርፉን ወደ መጠባበቂያው ጣሳ ያስወጣል፣ ሲቀዘቅዝ መልሶ መሳብ አለበት። መሃሉ ላይ ያለችው ትንሽ ቫልቭ ከተጣበቀች ወይም ወደ ጣሳው የሚሄደው ቀጭን ቱቦ ከተደፈነ ማኒኮቶው ወደ ውስጥ ይጨፈለቃል። ክዳኑን ስትለውጥ የተጻፈበት ግፊት የመኪናው አምራች ካዘዘው ጋር አንድ ይሁን፤ ብዙዎቹ 0.9 ወይም 1.1 ባር ናቸው። ግፊቱን የማይዝ ክዳን ውሃውን ቀድሞ ያፈላዋል፤ ንጹህ ውሃ በ1 ባር ተጨማሪ ግፊት እስከ 120 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል። ሞተሩ ትኩስ ሳለ ክዳኑን በፍጹም አትክፈት።

ሌላ መልስ፦ አሞላሉን ልጨምር። የማቀዝቀዣው ሲስተም 5 ሊትር የሚይዝ ከሆነ 2.5 ሊትር ያልተበረዘ ኩላንት (የማቀዝቀዣ ፈሳሽ) አስቀድም፣ ቀሪውን በተጣራ ውሃ ሙላ፤ ሲታጠብ ሞተሩ ውስጥ የሚቀር ውሃ ስላለ መጀመሪያ ውሃ ከሞላህ ለኩላንቱ ቦታ አይኖርም። ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ክዳኑን ክፈት፣ የውስጥ ማሞቂያውን መጨረሻ ላይ አድርግ፣ ቴርሞስታቱ ተከፍቶ አረፋው እስኪያቆም በቀስታ ይሥራ። አረፋው ጨርሶ ካላቆመ፣ ወይም ሞተሩ ገና ሳይሞቅ ማኒኮቶው ድንጋይ ከሆነ፣ የቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ጋስኬት ለቋል ማለት ነውና ሳትነዳው አስፈትሽ።