ሃይሉክሷ ጠዋት ጠዋት አልነሳ አለችኝ፣ ቶሎ መልሱልኝ!

የጨሞጋ ልጅ፦ ኧረ ድረሱልኝ! ደብረ ማርቆስ ነኝ። አሮጌዋ ፒክአፕ ዛሬም ሰፈሩን ሁሉ አስገፋችኝ። ሞተሪኖው (ማስነሻው) ያዞራል፣ እሷ ግን ወይ ፍንክች! ነገ ሌሊት 11 ሰዓት ጤፍ ጭኜ ወደ ቢቸና መውጣት አለብኝ። ባትሪ ልግዛ?

ዳሞት፦ ናፍጣ ናት ቤንዚን? ሐኪም ፊት ቀርበህ «አመመኝ» ብለህ ዝም ትላለህ እንዴ?

የጨሞጋ ልጅ፦ ይቅርታ፣ ናፍጣ። ነጭ ጭስ ታንቦለቡላለች። ከሞቀች በኋላ ቁልፍ ሲነካት ትነሳለች። ባለፈው አባይ በረሃ አድራ ምንም አላለችኝም።

ቡሬ 3፦ ባትሪ ቀይር።

ጋሽ መፍቻ፦ ልጄ፣ ናፍጣ ብልጭታ አይፈልግም። አየሩ ሲታመቅ በሚፈጠረው ሙቀት ነው የሚነደው። ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ አየሯ ስስ፣ ሌሊቷ ብርድ። በረሃ ላይ የተነሳችው ለዚህ ነው። ነጭ ጭስ ማለት ናፍጣው ደርሷል፣ አልነደደም ማለት ነው። የዛሬ ልጆች ደግሞ ቁልፉን አንዴ ጠምዝዛችሁ...

እንጅባራ፦ ጋሼ፣ የናፍጣ መስመሩ አየር እየሳበስ ቢሆን? ፊልትሮው ላይ ያለችውን የእጅ ፖምፓ እስክትጠነክር ተጫናትና አስነሳ። ቶሎ ከተነሳች የናፍጣ መስመሩን ፈትሽ።

ዳሞት፦ አየር ቢሆን ኖሮ ያን ያህል ነጭ ጭስ ከየት ይመጣል? ካንዴሌታ ነው፣ ከመነሳቷ በፊት ሲሊንደሩን የሚያሞቀው። አራቱን የሚያያይዘውን ብረት ፍታ። ከባትሪው ፖዘቲቭ በ12 ቮልት አምፖል በኩል የእያንዳንዱን ጫፍ ንካ። ካልበራ ሞቷል። አዲስ ስትገዛ አሮጌውን ይዘህ ሂድ፤ የ6 ቮልትም አለ፣ 12 በቀጥታ ከሰጠኸው ይቃጠላል።

ቡሬ 3፦ እኔ ባትሪ ቀይሬ ነው የተነሳልኝ።

ደጀን በር፦ በቅሎ ጫን። በቅሎ ካንዴሌታ የላትም።

የጨሞጋ ልጅ፦ ጎረቤቴ ቤንዚን የነካ ጨርቅ አየር ማስገቢያው ላይ አድርግ አለኝ።

ጋሽ መፍቻ፦ ተው! በጋለ ካንዴሌታ ላይ ይፈነዳብሃል፣ ፒስተንህንም ይሰብራል!

የጨሞጋ ልጅ፦ ሁለቱ አልበሩም። ሦስተኛው ላይ መፍቻው አምልጦኝ ጣቴን ላጠው። ሱቁ ደግሞ ተዘግቷል።

ዳሞት፦ እንግዲያው ማታ ቁልቁለት ላይ አቁማት። ጠዋት የማሞቂያው መብራት ሲጠፋ ቁልፉን መልሰህ ሁለት ሦስቴ አሙቃት፣ ከዚያ አስነሳ። ሁለቱ ሲሊንደር ከያዙ ሌሎቹ ይከተላሉ።

ቡሬ 3፦ ተነሳች?

ቡሬ 3፦ ወይስ ባትሪ ገዛህ?