ጥቆማ፦ ለዲስክ ሕመምና ለስያቲካ ያለ ቀዶ ጥገና ሕክምና፣ ጅማ ላይ

ጥያቄ፦ እናታችን 55 ዓመታቸው ነው። ሕመሙ ከወገባቸው ተነስቶ በግራ መቀመጫቸውና በባታቸው በኩል እስከ ትንሿ የእግር ጣታቸው ይወርዳል። «ዲስክ ነው፤ በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ለስላሳ ትራስ ነርቭ ተጭኖ ስያቲካ የሚባለውን ወደ እግር የሚወርድ ሕመም አምጥቷል» ተብለዋል። ጅማ ላይ ረጋ ባለ እጅ የሚያክም የት አለ? ወጌሻ ወይስ ፊዚዮቴራፒ? ስለ ቀበቶና ፍራሽስ ምን ትላላችሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ ትንሿ ጣት ድረስ ከወረደ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የመጨረሻው የወገብ ዲስክ ነው። ወደ አውራ ጣት ቢሆን ከእሱ በላይ ያለው ይጠረጠር ነበር። ጥቆማዬ ፊዚዮቴራፒ ነው፤ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ጠይቁ። በጤና መድን የሚታከሙ ከሆነ ግን ከጤና ጣቢያቸው ሪፈር ይያዙ።

ካይሮፕራክቲክ (አከርካሪን በእጅ የማከም ሙያ) የሚል ታፔላ ካያችሁ ባለሙያው የት እንደተማረ ጠይቁ። ለዲስክ የሚሆነው ረጋ ያለው ዓይነት አጥንት «ቀጭ» የማድረግ ሥራ አይደለም። ታካሚዋ በሆዳቸው ይተኛሉ፣ የአልጋው የታችኛው ግማሽ በዝግታ ዝቅ ከፍ ይላል፣ ባለሙያው በመዳፉ ወገባቸውን ደግፎ ይስባል። እግር ላይ ያለው ሕመም ከጨመረ ወዲያው ይቆማል።

ጥሩ ባለሙያ ከመንካቱ በፊት ይፈትሻል። በጀርባቸው አስተኝቶ እግራቸውን ሳይታጠፍ ያነሳል፤ ከ30 እስከ 70 ዲግሪ ባለው ውስጥ ሕመሙ ከጉልበት በታች ከወረደ ነርቭ መነካቱን ይጠረጥራል። በተረከዝና በጣት ያስኬዳቸዋል፣ ቁርጭምጭሚታቸውን ከኋላ በመዶሻ ይመታል፣ ስለ ሽንታቸው ይጠይቃል። ይህን ሳያደርግ መጫን ከጀመረ ይዛችኋቸው ውጡ።

ቤት ውስጥ፦ በሆዳቸው 3 ደቂቃ ይተኙ፣ ቀጥሎ 3 ደቂቃ በክርናቸው ይደገፉ፣ ከዚያ ዳሌያቸው ከፍራሹ ሳይነሳ በእጃቸው ደረታቸውን 10 ጊዜ ቀና ያድርጉ። በየ2 ወይም 3 ሰዓቱ ይደጋገም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ሕመሙ ከእግር ለቆ ወደ ወገብ ሲሰበሰብ ወገቡ የባሰበት ይመስለውና ይተወዋል። እሱ ግን የመሻል ምልክት ነው። ወደ ታች ከወረደ አቁመው ለባለሙያው ይንገሩ።

መልስ፦ ስለ ወጌሻ አጥብቄ ልናገር። ጀርባ ላይ መርገጥና ወገብ መጠምዘዝ ለዲስክ አይሆንም። በአገራችን የአከርካሪ ቲቢ አለ፣ ካልተፈላ ወተት የሚመጣ ብሩሴላም አለ። ሁለቱም መጀመሪያ ላይ ተራ የወገብ ሕመም ይመስላሉ፤ ቲቢ የበላው አጥንት ሲጫኑት ሊሰበር ይችላል። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም ክብደት መቀነስ ካለ መታሸት የለም፣ ምርመራ ይቅደም። በእሳቸው ዕድሜ አጥንት መሳሳትም ይታሰብ።

የሕመም ማስታገሻው የዲክሎፌናክ መርፌም እንደ ቀላል አይታይ። መቀመጫ ላይ ያለ ቦታው ከተወጋ ወደ እግር የሚወርደውን የስያቲክ ነርቭ ራሱን ሊጎዳ ይችላል። ጨጓራ፣ ኩላሊት ወይም ደም ግፊት ካለባቸው ያለ ሐኪም አይውሰዱት።

መልስ፦ ቀበቶ በሥራ ሰዓት ለ2 ወይም 3 ሰዓት ይበቃል፣ ሲተኙ ይፈታ። ፍራሽ መሃሉ ያልሰረገደ፣ መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ስፖንጅ ይሁን። መግዣ ከሌለ በነባሩ ሥር ኮምፔንሳቶ ይነጠፍ። መሬት ላይ መተኛትን አልመክርም፣ መነሳቱ ይከብዳቸዋል።

ትልቁ ጠላት ግን በርጩማችን ነው። የጅማ በርጩማ ውብ ነው፤ ሆኖም ዝቅ ስለሚል ጉልበት ከዳሌ በላይ ይወጣል፣ ወገብ ይጎብጣል፣ ዲስኩ ወደ ኋላ ወደ ነርቩ ይገፋል። ሦስተኛው የቡና ስኒ እስኪደርስ አንድ ሰዓት እንዲያ መቀመጥ የሳምንቱን ሕክምና ያበላሻል። 45 ሳንቲሜትር ያህል ከፍታ ያለው ወንበር ላይ ይቀመጡ፣ ረከቦቱና ምድጃውም ከፍ ይበሉ። 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ነው፤ ሌላ ሰው ያንሳው። ሙሉ ቀን መተኛትም ያደነድናል፤ 10 ደቂቃ በሜዳ ላይ ይራመዱ።

መልስ፦ አብዛኛው በ6 እና በ12 ሳምንት መካከል ይሻላል፣ ስለዚህ ለኤምአርአይ ምስል አትቸኩሉ። ሕመም በሌለባቸው የ20 ዓመት ወጣቶች እንኳ 30 በመቶ ያህሉ በምስሉ ላይ ያበጠ ዲስክ ይታይባቸዋል። ሽንት ከታገደ ወይም ካመለጠ፣ በጭኖቻቸው መካከል ከደነዘዘ፣ ወይም ሲራመዱ የእግራቸው ጣት መሬት ከጎተተ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷቸው።